የመንዝና የአካባቢው ልጆች እስኪ ግቡ፦ ገብሱን ከጭላዳ ማን ይጠብቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ጥያቄ የለጠፍኩት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነበር። ከዛ ወዲህ መልሱ በዝቶ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ እየከበደው መጀመሪያ የተመለሰውን እንደገና ይጠይቃል፣ ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ሰብስቤ አስቀምጫለሁ። የሰው ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ በገባኝ መጠን ነው የጻፍኩት፣ ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄ ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ አሁን ግን የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ጥቅምት ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ ገና ሳሩ ላይ አመዳዩ ሳይነሳ እህቴን ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፣ አስር ዓመቷ ነው፣ ያባባን ጋቢ አጥፋ ተከናንባለች፣ እጇ ላይ እማዬ ከበግ ጸጉር የገመደችላት ወንጭፍ አለ፣ እግሯ ስር ድንጋይ በሁለት ክምር ለይታ አስቀምጣለች። ትንንሹ ለቅርብ ነው፣ ትልልቁ ለማስደንገጥ። ትንሽ ቆይቶ ጭላዳዎቹ ከገደሉ መውጣት ጀመሩ፣ መጀመሪያ እጅ ይታያል ከዛ ራስ ከዛ ጎፈሩ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዛ በሁለት እጃቸው ሳሩን እየነጩ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ወደ ገብሱ ይጠጋሉ፣ ላየው ሰው ወደ ማሳው የሚሄዱ አይመስሉም እኮ። እህቴ ቶሎ አትወረውርም። አንድ ነጭ ድንጋይ አላት፣ እሱን ሲያልፉ ብቻ ነው የምትወረውረው፣ ቀድሜ ከወረወርኩ ክንዴ የት ድረስ እንደሚደርስ ያውቁብኛል ነው የምትለኝ። ጆሮው የተቀደደውን ትልቁን ወንድ ከሩቅ ለይታ ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ስንት ቀን ገባሽ ስላት በጣቷ ቆጠረችልኝ፣ ሁለቱ እጆቿ አልሞሉም።

አባባ ደግሞ ከጎረቤት ሁለት ውሻ ሊያመጣ ነው። ስለዚህ የጠየቅኩት፣ ገደል አፋፍ ላይ የምታርሱ ሰዎች ልጅ ከትምህርት ሳታስቀሩ፣ አውሬውንም ሳትጎዱ እንዴት ነው የምትጠብቁት፣ ውሻውስ ይበጃል ወይ ነው። እኔም በልጅነቴ ያንኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት፣ ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት በዛ ምክንያት ነው።

1ኛ የመለሰችው አንኮበር አካባቢ ያደገች እህት ናት፣ እናት አባቴን በስማቸው ባታውቅም እግዜር ይጠብቅልህ ብላ መርቃ ነው የጀመረችው። እነሱ ሰፈር አፋፉን የሚዋሰኑ ቤቶች እንደ ወንፈል ተራ ገብተው ነው የሚጠብቁት፣ ከየቤቱ በተራ አንድ ትልቅ ሰው ይወጣል፣ ተራውን የሳተ በአጨዳ ቀን አንድ ቀን ይሠራል። ልጅ ተራ አይገባም፣ ይሄን ገና ሲጀምሩ ነው የተስማሙት። መልሱ የተገኘው እዚህ ጋ ነበር ማለት ይቻላል፣ እኛ ግን ገና ብዙ ዞረን ነው የተመለስንበት።

2ኛው ቁጣ ነው። የመርሐቤቴ ሰው ነኝ ይላል፣ ዠማ ሸለቆ ላይ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በአንድ ጠዋት የጤፍ ማሳ ሲያልቅ አይቻለሁ፣ ጠመንጃ ያለው ሰው አንዱን ወንድ ቢጥለው የቀረው ወር አይመለስም፣ ሌላው ወሬ ነው የሚል ሐሳብ ጻፈ። 3ኛው በትሕትና እኔን አረመኝ፣ ጥያቄዬ ላይ አንድ ቦታ ዝንጀሮ ብዬ ነበርና ጭላዳና ዝንጀሮ አንድ እንዳልሆኑ አስረዳኝ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም፣ የወገኖቹ ዘር በሙሉ ጠፍቶ እሱ ብቻ ነው የቀረው፣ ዋና ምግቡም ሳር ነው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሌላው ይለየዋል። ዝንጀሮ ግን ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ ወደ ቆላው ወረድ ሲል ማሽላ የሚጨርሰው እሱ ነው። ትክክል ነው፣ አስተካክያለሁ።

4ኛው ለ2ኛው ነው የመለሰው፣ ጠንከር አድርጎ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ የተከለከለ መሆኑን ካነሳ በኋላ ሕጉን እንኳ ብንተው አንዱን ወንድ መጣል ምንም እንደማይጠቅም ገለጸ። ጭላዳ የሚኖረው በትንንሽ ቤተሰብ ነው፣ አንድ ወንድ ብዙ ሴቶች ይዞ፣ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ገጥሞ አንድ ትልቅ መንጋ ይሆናል። አውራው ሲሞት ሴቶቹ አይበተኑም፣ ዳር ላይ ሲጠብቅ የቆየ ሌላ ወንድ ገብቶ ይወርሳቸዋል፣ አንዳንዴም አዲሱ ገቢ የቀድሞውን ግልገሎች ይገድላል። መንጋው ያው መንጋ ነው፣ ገብሱም ያው ገብስ። ይሄን ሳነብ ያ ጆሮው የተቀደደው ትዝ አለኝ፣ ሲሄድ ጀርባው ላይ ግልገል ትወጣበታለች።

5ኛ ላይ አንድ አባት ገቡ። ስልኩን ልጃቸው እየጻፈላቸው መሆኑን ቀድመው ነገሩን፣ ጌራ ምድር ናቸው። የእሳቸውን ረዘም አድርጌ ላስቀምጠው ምክንያቱም ከኛ ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ ነገሩን አናውቀውም። ጓሳ፣ ያ የመንዝ የሳር መሬት፣ እንዴት እስከዛሬ ቆየ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቀሮን፣ ማለትም የድሮውን የጥበቃ ሥርዓት፣ ማወቅ አለበት አሉ። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ናቸው የመንዝን መሬት የያዙት፣ ፈረስ ጋልበው ነው የተካፈሉት ሲባል ከአያታቸው ሰምተዋል፣ ጓሳውን ግን ሳይታረስ ለሳርና ለግጦሽ ተዉት። ከዛ በኋላ ዘራቸው አለቃ እየመረጠ ይጠብቀዋል፣ ሦስትም አራትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም ከብት አይገባም፣ ሳሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል። መጀመሪያ አጫጆች ይገባሉ፣ ከብት ከዛ በኋላ ነው፣ ዝናቡ ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል። ጓሳ በሚባለው ሳር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ገሳ የሚባለው የዝናብ ልብስ ይሠራል፣ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ለማገዶ ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ሌላው አገር ከብቱ ሲያልቅ መንዝ ጓሳ ነበረው። ቤተክርስቲያንም አብራ ነበረች፣ ያለ ፈቃድ ያጨደ ሰው የሚያፍረው ዳኛ ፊት ብቻ ሳይሆን ደጀ ሰላም ላይ ነው። አውሬው የተረፈው ለአውሬው ተብሎ አይደለም፣ ሰው ሳሩን ለራሱ ብሎ ስለጠበቀ ነው የሚለው የሳቸው ነገር ነው እኔ ውስጥ የቀረው።

6ኛዋ ግን ዝም አላለችም፣ አከብርዎታለሁ አባቴ ብላ ጀምራ ነገሩን አከረረችው። የእሷ አያት የአስቦም የጌራም ዘር አልነበሩም፣ ርስት የላቸውም፣ ጓሳ ሲከፈት ሌላው በአህያ ጭኖ ሲወጣ እሳቸው የሰው ሳር አጭደው በጉልበታቸው ዋጋ ጥቂት ነዶ ነበር የሚያገኙት። ስለዚህ ቀሮ ሲወራ ማን ከውጪ እንደቀረም ይወራ፣ 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ለሷ ቤተሰብ በር ነው የተከፈተው። አባታችን 7ኛ ላይ መለሱላት። አልተቆጡም። እውነቷን መሆኑን አምነው ነገር ግን አዋጁ ርስቱን ሲያነሳ ጠባቂውንም አብሮ አነሳው፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ያገኘ ሁሉ እየገባ ጓሳው ምን ያህል እንደተጎዳ በዓይናቸው እንዳዩ ነገሯት፣ አሁን ያለው የማኅበረሰብ ጥበቃ ሁሉንም ቀበሌ ያስገባው ከሁለቱም ተምሮ ነው አሉ። እሷም አመሰገነች። እንዲህ ያለ ሙግት በዚህ ዘመን ማየቴ ደስ ብሎኛል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

8ኛው ከርዕስ የወጣ ነው፣ ገሳ አሁን የሚሠራ ሰው የት እንደሚገኝ ጠየቀ፣ ሁለት ሰው በርኖስና ባና ጨምሮበት ወደ ገበያ ወሬ ሊሄድ ነበር፣ ቁጥራቸውን አልያዝኩትም።

9ኛው ግን ለኔ ከሁሉም ከባዱ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፣ ወረዳውን አልተናገረም። ውሻ የሚለውን ቃል ሲያይ ሥራውን አቁሞ እንደጻፈ ነው የሚናገረው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ከ500 በታች ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፣ ጓሳ ላይ ያሉት በአስሮች የሚቆጠሩ ናቸው። የሚጨርሳቸው ጥይት ሳይሆን የኛ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ሌላም ውሻ ለውሻ የሚተላለፍ ቀበሮዎቹን የሚፈጅ በሽታ አለ፣ ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ አንዱ ሸለቆ ላይ ከነበሩት አራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ገድሏል። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ነው የሚኖረው፣ ጠዋት ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ስለዚህ አንዱ ከታመመ ቤቱ ሙሉ ያልቃል። ያልተከተበ ውሻ ጓሳ አጠገብ መልቀቅ ማለት ይሄ ነው። ደግሞ በሽታው መጀመሪያ የሚያገኘው ውሻው አጠገብ የምትቀመጠውን ልጅ ነው ብሎ ጨረሰ። ይቺን መጨረሻዋን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኳት።

10ኛው በግ አርቢ ነው፣ የቀበሮው ነገር አልተዋጠለትም፣ ሁለት ግልገል ባንድ ክረምት አጥቷል፣ ውሻውን አስሮ ማን በጉን ይጠብቅለት። የመንዝ በግ ምን ማለት እንደሆነ ላላወቀ ሰው ቀላል ሊመስለው ይችላል፣ እህሉ ሲከዳ በግ ነው ቤት የሚያቆመው፣ አውቃለሁ። 11ኛው እሱን ያረመው ሰው ትንሽ ንቀት ነበረበት፣ ያ ባይኖር ጥሩ ነበር፣ ነገሩ ግን ልክ ነው። ግልገል የሚወስደው ብዙ ጊዜ ግራጫው ተራ ቀበሮ ነው፣ ቀዩ እግሩ ረጅም አፉ ሾጣጣ ሆኖ ጅራቱ ጫፉ ጥቁር ነው፣ የሚኖረው በፍልፈልና በአይጥ ነው፣ ገብስ የሚያበላሸውን አይጥ እየበላልህ ነው እሱን የምትረግመው የሚል ነው ይዘቱ።

12ኛው ተማሪ ነው፣ በእረፍት ጊዜው ጓሳ ላይ ጭላዳ ለሚያጠኑ ሰዎች ዕቃ እየያዘ ሠርቷል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዛ ጭላዳ ሲጠና እንደቆየ ተናግሮ ያየውን ጻፈልን። ጠዋት መንጋው ሜዳው ላይ ተበትኖ ሲግጥ ቀይ ቀበሮ መሐላቸው ይገባል፣ አይሮጥም፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፣ ጭላዳዎቹም ቀና ብለው አይተውት ሳራቸውን ይቀጥላሉ፣ ግልገሎቻቸው አጠገቡ እየተጫወቱ ማለት ነው፣ እሱም አይነካቸውም። ለምን እንደሆነ ሲጠና ቀበሮው መንጋው ውስጥ ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን ግን 25 ጊዜ ብቻ። እ.ኤ.አ. 2015 የታተመ ጥናት ነው። ምናልባት በመንጋው ግርግር አይጦቹ ይወጣሉ ወይም ቀበሮውን አያዩትም። ውሻ ሲመጣ ግን መንጋው በሙሉ ጮሆ ገደል ነው የሚገባው፣ ቀበሮውም ይሄዳል። ስለዚህ አባቴ ውሻ ካመጣ የሚበትነው ጭላዳን ብቻ አይደለም።

ደግሞ ይሄው ልጅ አንድ ነገር ጨመረ፣ ጓሳው ውስጥ ያሉት ጭላዳዎች ከሚበሉት ከግማሽ በላዩ ሳር ነው፣ የቀረውም አብዛኛው ቅጠላ ቅጠል፣ ሳሩ እስካለ ገብስ ፍለጋ ብዙ አይወርዱም፣ ማሳ ላይ የሚከርሙት ሳር የታረሰባቸው ናቸው። ያኔ አላስተዋልኩትም።

13 ላይ የመርሐቤቴው ሰው ተመልሶ መጣ፣ በጣም ነው የተናደደው። ቀበሮ ስንት አይጥ እንደያዘ ይቆጠራል፣ የሱ ቤተሰብ ስንት ቁና እንደቀረው የቆጠረ የለም። ከተማ ተቀምጣችሁ ፎቶ ታያላችሁ፣ ፎቶ አይጋገርም። አንድ ጊዜ አቤት ብሎ ቢሮ ሄዶ በጀት የለም ተብሎ ተመልሷል። ሰው ሰደበው፣ እኔ ግን አልሰድበውም። ስለጥይቱ ተሳስቷል፣ ስለ ቁናው አልተሳሳተም። እህቴ በጣቷ የቆጠረችውን ቀን የትኛው ቢሮ መዝግቦታል?

14ኛዋ የመጣችው ከዚሁ ጋር ነው። አስጎብኚ ሆና ሠርታለች፣ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከፍታው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ በመሆኑ እንግዳው ለቀበሮውና ለጭላዳው፣ ለጅብራውም ነው የሚመጣው፣ የማኅበረሰቡ ማረፊያ አለ፣ ፈረስና ጠባቂ ይከፈላል፣ ገንዘቡ ግን መንገድ ዳር ያለው ሰው ጋር ይቀራል እንጂ ገደል አፋፍ ላይ ገብስ ለሚበላበት ሰው አይደርሰውም ባይ ናት። ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ ደግሞ እንግዳው እራሱ ቀንሷል። መፍትሔ ብላ ያመጣችው የጥበቃ ሥራ ሲቀጠር ቅድሚያ ለአፋፍ ዳር ቤቶች ይሰጥ የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን የሚያነበው ሰው እዚህ መድረክ ላይ አለ ወይ አላውቅም።

15 እና 16 ስድብ ነበሩ፣ መንዝና መርሐቤቴ እያሉ ተነካከሱ፣ አስተዳዳሪው አጥፍቷቸዋል፣ ጥሩ አደረገ።

17ኛው አጭር ነው። ስሙ አዲስ ነው፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም አልጻፈም። እኔን ነው የጠየቀኝ፣ አባትህ አሁን ገብስ የዘሩበት መሬት አንተ ልጅ እያለህ ምን ነበር ነው ጥያቄው። ጭላዳው ወደ እናንተ መጣ ወይስ እናንተ ወደሱ ሄዳችሁ።

መልስ ሳልሰጥ ሁለት ቀን ቆየሁ። 18 ላይ የመለስኩት እውነቱን ነው። ድሮ የኛ ማሳ የሚያልቀው እህቴ የምትቀመጥበት ድንጋይ ጋ አልነበረም፣ ከቤቱ ወደዚህ ነበር። ከድንጋዩ እስከ አፋፉ ያለው ሁሉ ሳር ነበር፣ ጥጃ እናስርበት ነበር፣ ጭላዳዎቹም ጠዋት እዛው ግጠው እዛው ውለው ማታ ወደ ገደላቸው ይወርዱ ነበር፣ እኔ በልጅነቴ የምጠብቀው ሳሩን አልፎ የሚመጣውን አንድ ሁለቱን ነው። ወንድሞቼ ሲያገቡ መሬት ሲከፋፈል አባባ ያንን ሳር ገለበጠው። ምን ያድርግ፣ አራት ልጅ ነው የዳረው። ከታች ያለው ጎረቤትም እንደዛው፣ ከሱ ጎን ያለው ደግሞ ባሕር ዛፍ ተክሎበት ስሩ ሳር አይበቅልም። የእህቴ ነጭ ድንጋይ ድሮ የኛ ማሳ ድንበር ድንጋይ ነው፣ ይሄን እየጻፍኩ ነው ያስታወስኩት።

ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ረገበ። 19ኛው ነጭ ሽንኩርት አፋፉ ላይ እንድንተክል መከረ፣ እሱ ሞክሮ ጭላዳ አልነካበትም፣ ድንች ግን ቆፍረው አውጥተውበታል። ከፍታው ይለያያልና ውርጭ የሚያየው ቦታ ላይ እንዴት እንደሚሆን እንጃ። 20ኛው ምን አገናኘው ሳይባል የአንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ፎቶ ለጥፎ ስሟን ጠየቀ፣ ጣርማ በር አካባቢ ያነሳት ናት። 21ኛዋ፣ ያቺ የአንኮበሯ እህት ናት መልሳ የገባችው፣ ከፎቶው እርግጠኛ መሆን ባይቻልም በአንኮበር ስም የተሰየመች ወፍ እንዳለች ነገረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አጠገብ ገደል ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀችው፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የለችም። ከዛ ስለ ወፍ ዋሻ ደን ጀመሩ፣ ስለ ጽዱና ስለ ዝግባው፣ የመናገሻ ደን በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ነው የተተከለው ስለሚባለው ትውፊት። ከርዕስ ወጥተዋል ያለ ሰው ነበር፣ እኔ ግን አልከፋኝም፣ ከዛ ሁሉ ቁጣ በኋላ ሰው አገሩን ሲያወራ ደስ ይላል።

22ኛው መምህር ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ክፍሉ ግማሽ ባዶ እንደሚሆን፣ ወላጅ ሲጠራ ሁሉም አንድ መልስ እንደሚሰጡት፣ ጭላዳ እንደሆነ ነገረን። እነሱ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስበው አፋፍ ዳር ያሉ ልጆች በሙሉ ጠዋት ፈረቃ እንዲገቡ አድርገው ነበር፣ አልሠራም፣ ጭላዳው ከገደል የሚወጣው ጠዋት ነዋ። ከሰዓት ሲያደርጉት ትንሽ ተሻለ። ግን ልጅን ከፈረቃ ፈረቃ እያዛወሩ ማስተማር ሳይሆን ልጅ ዘበኛ መሆኗን ማስቀረት ነው የሚሻለው፣ ዘበኛ የሆነች ልጅ ክፍል ውስጥም ዓይኗ መስኮት ላይ ነው የሚል ነው የሱ አስተያየት። እውነቱን ነው። እኔ የማውቀው ነው።

23ኛ ላይ የአንኮበሯ እህት የመጀመሪያውን አስታወሰችን፣ ተራ ግቡ ነው ያልኩት ብላ፣ ትንሽ ቅር ያላት ትመስላለች፣ ይቅርታ እህቴ፣ ያኔውኑ መስማት ነበረብን።

24 የኔ ነው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ለአባባ ደወልኩለት። ውሻውን ተው ስለው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከተማ ገብተህ ለአውሬ ጠበቃ ሆንክ ወይ አይነት ነገር። ስለ ቀበሮው ስነግረው ዝም አለ፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታው ስነግረው ግን ስልኩን ለእማዬ ሰጣት፣ እማዬ ልጅ እያለች አንድ የጎረቤት ልጅ በዛ በሽታ ሲሞት አይታለች፣ ውሻው በዛው ቀረ። ስለ ሳሩ ለመናገር ከበደኝ፣ አባትን መሬትህን ተው ማለት ቀላል አይደለም። እኔ ሳልለው እሱ እራሱ አነሳው። ከድንጋዩ ወዲያ ያለው ለዘንድሮ እንኳ የዘራውን ያህል አልመለሰም፣ አፈሩም በዝናብ ወደ ገደሉ እየሄደ ነው፣ ለሚቀጥለው በልግ ከአፋፉ ሃያ እርምጃ ያህል ሳይታረስ ሊተወው አስቧል፣ ሳሩን አጭዶ ለበጎቹ። ከጎረቤቶቹ ሁለቱ ካደረጉት ነው ግን፣ እሱ ብቻውን ቢተወው ጭላዳው አልፎ የሱኑ ገብስ ነው የሚበላው። አንዱ እሺ ብሏል። ባሕር ዛፍ የተከለው ገና ነው።

ተራው ግን ተጀምሯል፣ ሦስት ቤት ናቸው፣ ማክሰኞ የኛ ነው፣ አባባ ነው የሚወጣው፣ እሱ ገበያ ከሄደ እማዬ። እህቴ ከሰኞ እስከ አርብ ትምህርት ቤት ናት። ቅዳሜ አሁንም ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ማን አስገደደሽ ስላት ጆሮው የተቀደደውን ልታይ እንደምትሄድ ነገረችኝ። የሚቀጥለው ወር አጨዳ ነው።

25ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ ያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ደስ እንዳለው ጽፎ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ የጎረቤቶቻችሁ ውሾች ስንት ናቸው፣ ቆጥረህ ላክልኝ፣ ክትባት ሲመጣ ቀበሌያችሁን ለማስመዝገብ ይረዳኛል ብሎ። ለእህቴ ነገርኳት፣ ቅዳሜ ከድንጋዩ መልስ በየቤቱ ዞራ ቆጠረች፣ አሥራ አራት ናቸው፣ ሁለቱ ቡችላ። ልኬለታለሁ። ሌላ አፋፍ ዳር ቀበሌ ያላችሁ እናንተም ቆጥራችሁ ከ26 ጀምሮ እዚሁ ስር ጻፉለት።